ከልደታ እስከ አቡሴራ፦ ኤርፖርት ሲመጣ ሰፈሩ የማን ይሆናል?

አዲስ አበባ ኖሮ “ኦልድ ኤርፖርት” የሚባል ሰፈር የማያውቅ የለም። ኤርፖርቱ ሄዷል፣ ስሙ ቀርቷል። በዚያ የሚያልፍ ሰው ቪላና ኤምባሲ እንጂ አውሮፕላን አያይም። ስሙን የወረስነው የዘመኑ ልጆች ግን ከኤርፖርቱ በፊት እዚያ ማን ይኖር እንደነበር ጠይቀን አናውቅም። አሁን ቢሾፍቱ አጠገብ ያለችው አቡሴራ የሁሉም ሰው ወሬ ስትሆን፣ ጥያቄው አብሮ መነሣት አለበት ባይ ነኝ። እስኪ ከሥሩ እንጀምር።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተቋቋመው ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያው በረራ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ሄደ። የዚያን ጊዜ ኤርፖርት ልደታ ነበር፣ ልደታም የከተማ ዳር ነበረች። ሃያ ዓመት ሳይሞላ ዘመኑ ጥሏት ሮጠ። አየር መንገዱ ቦይንግ 720 ጄቶችን ሲገዛ የልደታ መንደርደሪያ አጠራቸው። ጄት ደግሞ “አጠረኝ” ካለ ክርክር የለም፤ ሜዳ ይፈለግለታል። የተገኘው ሜዳ ቦሌ ነው። ጄቶቹ በ1955 ዓ.ም. ሲመጡ ያረፉት እዚያ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከመስቀል አደባባይ ወደ ኤርፖርቱ የሚወስደው መንገድ ቤት ጠራ፣ ቤቱ ሱቅ ጠራ፣ ሱቁ ፎቅ ጠራ። ከከተማው ሸሽቶ የሄደውን ኤርፖርት ከተማው ተከትሎ ከበበው። ዛሬ “ቦሌ” ማለት ከቦታ ስምነት አልፎ የኑሮ ደረጃ መለኪያ ሆኗል። “የቦሌ ልጅ” ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ያለ አይመስለኝም።

ግን በሜዳው ላይ ያርስ የነበረው ሰው ከዚህ ሁሉ ምን ደረሰው?

በንጉሡ ዘመን በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረው መሬት በአመዛኙ የባለርስትና የባለሥልጣን ነበር። የሚያርሰው ጭሰኛ ነው፣ ወረቀቱ ላይ ስሙ የለም። ስለዚህ መሬቱ ሲያልፍለት እሱን አላለፈለትም። በ1967 ዓ.ም. የገጠርም የከተማም መሬት የመንግሥት ሆነ፣ ባለርስቱም ተሰናበተ። በ1986 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ መሬት ሊዝ መጣና መሬት በጨረታ የሚተመን ነገር ሆነ። ሥርዓቱ ሁለት ጊዜ ተቀየረ። መሬቱ ዋጋ ባወጣ ቁጥር ግን ቀድሞ ያረሰው ሰው ከድርሻው ውጭ ነበር።

ወደ ዛሬ እንምጣ። ቦሌ በ1995 ዓ.ም. አዲስ ተርሚናል ተከፈተለት፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ተስፋፍቶ በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ተደረገ። ከዚያ በላይ እንዳያድግ ከተማው ዙሪያውን ይዞታል። ሌላም ችግር አለ፣ እሱም ከፍታው ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ሲሳሳ ክንፉም ሞተሩም ጉልበት ያጣል፣ አውሮፕላኑ ነዳጅ ሞልቶና ሰው ጭኖ መነሣት ይከብደዋል። ወደ ዋሽንግተን ስንሄድ መንገድ ላይ ነዳጅ ለመቅዳት ሲያርፉ የኖሩት በዚሁ ምክንያት ነው። ቢሾፍቱ ወደ 400 ሜትር ዝቅ ትላለች። ለአውሮፕላን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ቢሾፍቱ ለአውሮፕላን ድምፅም እንግዳ አይደለችም። ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን መሪነት የተደራጀው አየር ኃይል መናኸሪያው እዚያ ነው። አሁን የሚመጣው ግን መጠኑ ሌላ ነው። የዲዛይን ስምምነቱ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ተፈረመ፣ ግንባታውም ጥር 2 ቀን 2018 ዓ.ም. በይፋ ተጀመረ። ወጪው 12.5 ቢሊዮን ዶላር ተገምቷል። አራት መንደርደሪያ ይኖረዋል። የመጀመሪያው ምዕራፍ በ2022 ዓ.ም. ገደማ አልቆ 60 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ፣ ሁሉም ሲጠናቀቅ ደግሞ ቁጥሩ 110 ሚሊዮን እንዲደርስ ታቅዷል። ዙሪያውን ሆቴልና የገበያ ማዕከል ያለው “የኤርፖርት ከተማ” ይከተላል። ቦሌ በስልሳ ዓመት ሳይታሰብ የሆነችውን፣ አቡሴራ ከመነሻው በፕላን ትሆናለች ማለት ነው።

መሬቱ ግን ባዶ አልነበረም። ቢሾፍቱ ዙሪያ ያለው አገር የአዳ ጤፍ አገር ነው። አየር መንገዱ 2,500 ያህል አባወራዎችን አንስቶ ለማስፈር 350 ሚሊዮን ዶላር እንደመደበ ተናግሯል። ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ከልደታና ከቦሌ ዘመን ጋር ሲነጻጸርማ ትልቅ እርምጃ ነው።

ሆኖም ስለ ካሣ ስሌት አንድ ነገር ልብ በሉ። የ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 የገበሬውን ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ገቢ በ10 ያባዛ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ ምትክ መሬት ካልተገኘ፣ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው የዓመት ገቢ ተወስዶ በ15 እንዲባዛ ደነገገ። ተሻሽሏል። ስሌቱ ግን ያው ነው፤ የሚቆጠረው ትናንት የታጨደው ጤፍ ነው። የኤርፖርቱ ፕላን የሚቆጥረው ነገ የሚመጣውን መንገደኛ፣ ሆቴልና መጋዘን ነው። ካሣው ወደ ኋላ ይቆጥራል፣ ፕላኑ ወደፊት ይቆጥራል። በሁለቱ መሃል ያለው ልዩነት የከተማው ትርፍ ነው፣ ገበሬውም ያለበት እዚያ ልዩነት ውስጥ ነው።

ኤርፖርቱ አይሠራ እያልኩ አይደለም። ያስፈልጋል፣ ቦሌም ሞልቷል። የምለው ጥያቄያችን “ስንት ተከፈላቸው?” ላይ እንዳይቆም ነው። የኤርፖርት ከተማው ሱቆች ሲከፋፈሉ የተነሺው ልጅ ቅድሚያ አለው ወይ? አዲሱ ሥራ የሚጠይቀውን ሙያ የሚማርበት ትምህርት ቤት ግንባታው ሳያልቅ ይከፈትለታል ወይ? ወይስ በመጨረሻ ጥበቃና ጽዳት ብቻ ነው የሚደርሰው? እነዚህን ዛሬ በፕላን ደረጃ ጠይቆ መልስ ማግኘት ይቻላል። ፎቆቹ ከቆሙ በኋላ ግን መጠየቅ ታሪክ መጻፍ ብቻ ነው የሚሆነው። የቦሌን ታሪክ ደግሞ አንድ ጊዜ ጽፈነዋል።