የጣሪያ ሥር አየር ዝውውር ለቤት ምቾትና ለኃይል ቁጠባ

በኢትዮጵያ ከተሞች የአብዛኞቹ መኖሪያ ቤቶች፣ እንዲሁም የበርካታ ትምህርት ቤቶችና የጤና ተቋማት ክዳን ቆርቆሮ ነው። በቆርቆሮውና ከሥሩ በሚዘረጋው ኮርኒስ መካከል የሚቀረው ባዶ ቦታ ግንባታው ካለቀ በኋላ ከዓይን የሚሰወር በመሆኑ በዲዛይንም ሆነ በርክክብ ወቅት ተገቢውን ትኩረት ሳያገኝ ይቀራል። ይሁንና ባለ አንድ ፎቅ ቤት በቀን የሚግለውና በሌሊት የሚቀዘቅዘው በአመዛኙ በዚሁ በኩል ነው።

ጥርት ባለ ቀን ፀሐይ የሚመታው ቆርቆሮ፣ በተለይም ያረጀና የዛገ ከሆነ፣ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሊያልፍ ይችላል። ይህ ሙቀት ወደ ክፍሉ የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በክፍተቱ ውስጥ የታፈነው አየር በመጋሉ ሲሆን፣ ሁለተኛውና የሚያመዝነው ደግሞ የጋለው ቆርቆሮ ወደ ኮርኒሱ በሚያስተላልፈው ጨረር ነው። የአየር ማስተላለፊያ ቀዳዳ በዋናነት የሚያቃልለው የመጀመሪያውን ነው። በመሆኑም ቀዳዳ በመክፈት ብቻ ቤቱ ይቀዘቅዛል ብሎ መጠበቅ ስህተት ነው። የታፈነው አየር በተሻለው ሁኔታ እንኳ ከደጁ አየር በታች አይቀዘቅዝምና።

የሞቀ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ቀዝቃዛው በጣሪያው ጠርዝ ሥር እንዲገባ፣ የሞቀውም በጣሪያው አናት ወይም በጎን ግድግዳው ጫፍ በኩል እንዲወጣ ማድረግ ያስፈልጋል። በአንድ ከፍታ ላይ ብቻ የተከፈቱ ቀዳዳዎች ነፋስ በሌለበት ጊዜ እምብዛም አይሠሩም። በአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንቦች የተለመደው መጠን ከኮርኒሱ ስፋት አንድ መቶ ሃምሳኛ ነው። ይህም 60 ካሬ ሜትር ኮርኒስ ላለው ቤት 0.4 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። ቀዳዳው ከላይና ከታች በአግባቡ ሲከፋፈልና ሌሎች መስፈርቶች ሲሟሉ መጠኑ በግማሽ ሊቀንስ ይችላል። የሚቆጠረው ግን አየር በእርግጥ የሚያልፍበት ስፋት እንጂ በወንፊት ሽቦ የተያዘው አይደለም።

ለደጋና ለቆላ አንድ ዓይነት ዲዛይን ማዋል አይመከርም። ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ጋምቤላ ዋናው ችግር የቀን ሙቀት ነው። በዚያ ሰፋ ያለ ቀዳዳ፣ ነጣ ያለ ቀለም የተቀባ ክዳንና በኮርኒሱ ላይ የሚነጠፍ ሙቀት መከላከያ በአንድነት ሲሠሩ ውጤት ይገኛል። ቀዳዳዎቹ በወንፊት ሽቦ ሳይሸፈኑ ከቀሩ ግን ለወባ ትንኝ መግቢያ ይሆናሉ።

ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ጉዳዩ ይለያል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ከደጁ አየር በታች ይቀዘቅዛል። ከማብሰያና ከመታጠቢያ ክፍል የወጣው እንፋሎት ቆርቆሮውን ሲያገኝ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። ጣሪያው አፈሰሰ በሚል ደህናውን ሚስማር የሚያስነቅሉ አባወራዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። መፍትሔው እንፋሎቱንና ጭሱን በቀጥታ ወደ ደጅ ማውጣት፣ በአምፖል ዙሪያና በግድግዳው ጥግ ያሉትን የኮርኒስ ስንጥቆች መድፈን፣ ከዚያም ክፍተቱን ማናፈስ ነው። ኮርኒሱ አቡጀዴ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ከሆነ ግን ማናፈሻው ብርዱን ወደ መኝታ ቤት ያስገባል። ስለዚህ ኮርኒሱን መለወጥ መቅደም አለበት።

ማቀዝቀዣ መሣሪያ በማይጠቀም ቤት የሚገኘው ጥቅም ምቾትና የጣሪያው እንጨት ዕድሜ እንጂ የመብራት ሒሳብ ቅናሽ አይደለም። የኃይል ቁጠባው የሚታየው እንደ ሰመራና ድሬዳዋ ባሉ ከተሞች ማቀዝቀዣ በሚሠራባቸው ሕንፃዎች ነው። በእነዚህም ቢሆን ትልቁ ድርሻ የሙቀት መከላከያው ነው። በጣሪያ ሥር የሚገጠም የኤሌክትሪክ ማራገቢያ፣ ኮርኒሱ ስንጥቅ ካለው፣ የቀዘቀዘውን የቢሮ አየር ወደ ላይ ስቦ ያባክናል።

ቀዳዳና ወንፊት ሽቦ በግንባታው ወቅት ሲካተቱ ወጪያቸው አነስተኛ ሲሆን፣ ክዳኑ ከተመታ በኋላ ግን ጠርዙን ማፍረስ ይጠይቃሉ። በተሠራ ቤት ውስጥ ምርመራው የሚጀመረው በኮርኒሱ መውጫ በኩል በመግባት ነው። በማገሩ ላይ የሚታይ ጥቁር ሻጋታና በሚስማሮቹ ጫፍ ላይ የሚታይ ዝገት እርጥበቱ መውጫ ማጣቱን ያመለክታሉ። አቧራ የደፈነው ወንፊት ሽቦም በየዓመቱ መጠረግ ይኖርበታል።