ጥጥ ያበቀለችው ዓሣ

መቼም ሮቤ ስል ግማሾቻችሁ ባሌ ደርሳችኋል። ተመለሱ! እኔ የማወራው ስለ አርሲው ሮቤ ነው፤ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለተቀመጠው፣ ክረምት ሲገባ ጋቢ ከትከሻ ስለማይወርድበት። እናላችሁ፣ በዚህ ብርድ ታናሽ ወንድሜ ዓሣ ያረባል። ከአዲስ አበባ በፕላስቲክ ከረጢት፣ በአውቶቡስ፣ ጭኑ ላይ አቅፎ ያመጣቸው ሦስት ጎልድፊሾች አሉት። አንደኛዋ ለጌጥ ብሎ ካስገባው ድንጋይ ጋር ተጋጭታ ጎኗ ተላጠ። በሦስተኛው ቀን ቁስሉ ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር በቀለ።

«ጂቪ እንቀባት?» አለኝ። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ ሎሚ ይሻላል አሉ።

እኔ የተማርኩት ጋዜጠኝነት ነው፤ የዓሣ ሐኪም አይደለሁም። በልጁ ጥያቄ ግን መጀመሪያ ሳቅኩና ቆይቼ አፈርኩ። ለካ ዓሣ ቀለም መቀባት የራሱ ታሪክ አለው።

ነገሩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1877 ነው። በእንግሊዝና በስኮትላንድ ድንበር አካባቢ ባሉት በኤስክና በኒዝ ወንዞች ሳልሞኖች ነጭ ሻጋታ እየለበሱ ይሞቱ ጀመር። በሽታው ወደ ሌሎች ወንዞችም ተዛመተ፤ ሳልሞን ደግሞ ገንዘብ ነውና መንግሥት አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። በ1881 የዓሣ ሀብት ተቆጣጣሪ ሆኖ የተሾመው ቶማስ ሄንሪ ሀክስሊ ነበር፤ አዎ፣ ያው ለዳርዊን ሲሟገት የኖረው ሰውዬ። ሀክስሊ ያደረገው ነገር በጣም ቀላል ነው። የሞተ ዝንብ ወስዶ የታመመው ሳልሞን ቆዳ ላይ አሸው፤ ከዚያ ውኃ ውስጥ ተወው። ዝንቡ ያንኑ ጥጥ አበቀለ።

ልብ በሉልኝ፤ ይህ ማለት ሳልሞኑን የገደለው ከሌላ ዓለም የመጣ መቅሰፍት ሳይሆን፣ በየወንዙ የሞተ ነፍሳት ሲበላ የሚኖር ተራ ሻጋታ ነው ማለት ነው። ስሙ ሳፕሮሌግኒያ ይባላል። ታዲያ ሁሌም እዚያው ካለ ለምን ያኔ ገደለ? ክርክሩ ረጅም ዓመታት ወሰደ። በ1903 አንድ ተመራማሪ መጀመሪያ በር የሚከፍተው ባክቴሪያ ነው ብሎ ጻፈ። ዛሬ የሚታወቀው፣ ሻጋታው ባብዛኛው የሚይዘው ቆዳውን የሚሸፍነው የሚያሙለጨልጭ ፈሳሽ የተገፈፈ፣ የቆሰለ፣ የበረደው ወይም ቆሻሻ ውኃ ያዳከመው ዓሣ መሆኑ ነው። እንግዲህ የኛዋ ጎልድፊሽ ጥፋት የጥጡ ብቻ አልነበረም። ድንጋዩም ነበር፤ ወንድሜ ሁለት ሳምንት ያልቀየረው ውኃም ነበር።

ሌላም ገረመኝ። ሳፕሮሌግኒያ «ፈንገስ» ይባል እንጂ እውነተኛ ፈንገስ አይደለም። የሥጋ ዘመዱ ደገኛው ገበሬ በደንብ የሚያውቀው፣ ዝናብ ሲበዛ የድንቹን ቅጠል አጥቁሮ ማሳውን በቀናት ውስጥ የሚያወድመው በሽታ ነው። ከ1845 ጀምሮ አየርላንድን በረሃብ የፈጀው ያ ነው። የአንዱ ዘመድ ማሳ ውስጥ፣ ሌላው ሳሎናችን ውስጥ!

አሁን ወደ ቀለሙ። ሳልሞኖቹ ማለቅ በጀመሩበት በዚያው በ1877 ጀርመን ውስጥ ማላካይት ግሪን የሚባል አረንጓዴ ማቅለሚያ ተሠራ፤ ለጨርቅ እንጂ ለዓሣ ማንም አላሰበውም። ለዓሣ ሻጋታ መድኃኒትነቱ በአሜሪካ ተጽፎ የወጣው በ1936 ነው፤ እኛ አዲስ አበባን ለጣሊያን ባጣንበት ዓመት። በጣም ጥቂት ጠብታ ሻጋታውን ድራሹን ያጠፋል፤ ለአሥርት ዓመታት የዓሣ እርባታዎች ያለ እሱ አልሠሩም። ወንድሜ ያነሳው ጂቪ ደግሞ የዚሁ ቀለም የቅርብ ዘመድ ነው። ልጁ ሳያውቀው ታሪኩ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

ጣጣው በኋላ መጣ። ማላካይት ግሪን የዓሣው ሥጋ ውስጥ መልኩን ለውጦ እንደሚቆይ ታወቀ፤ ካንሰር ያስከትላል የሚል ስጋትም ተነሣ። በአውሮፓ ኅብረትና በአሜሪካ ለምግብ በሚውል ዓሣ ላይ መጠቀም ተከለከለ። ይህ እኛንም ይመለከታል። በ1905 የስኮትላንድ ትራውት ኬንያ ገባ፤ በ1960ዎቹ ደግሞ ከኬንያ ትራውት መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ተለቀቀ። ነገ ደጋ ላይ ትራውት አርብቶ ለገበያ የሚያቀርብ ሰው ያንን አረንጓዴ ጠብታ ባያምረው ይሻላል። ለሳሎን ዓሣ የተሸጠ ጠርሙስም ቢሆን በባዶ እጅ አይነካም።

ለኛዋ የቀረላት ጨው ነበር። አያቶቻችን በአሞሌ ሲገበያዩበት የኖሩት ጨው የቆሰለ ዓሣንም ያግዛል፤ በቁስሉ በኩል ወደ ሰውነቷ የሚገባውን ውኃ ለማስወጣት የምታባክነውን ጉልበት ይቀንስላታል፣ ሻጋታውም አይወደውም። አሥር ሊትር ውኃ በባልዲ ቀድተን፣ ክሎሪኑ እንዲወጣ አሳድረን፣ 20 ግራም ጨው አሟሟንበት። ባለሱቁ 20 ግራም መዝንልኝ ስለው ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት፤ ጨውን በነፃ ሰጠኝ። (ጎልድፊሽ ጨው ይችላል፤ የማይችሉ የዓሣ ዓይነቶች ስላሉ ዝም ብላችሁ አትበትኑ። ያያችሁት ጥጥ ሳይሆን ሰውነቷን የሞላ የጨው ቅንጣት የመሰለ ነጥብ ከሆነም በሽታው ሌላ ነው።) በየቀኑ ሲሶውን ውኃ እየቀየርን፣ በቀየርነው ልክ ጨዉን እየተካን፣ ሌሎቹን ሁለቱን ለብቻ አቆየናቸው።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ጥጡ ባልዲው ሥር ወድቆ ተገኘ። ጎኗ ላይ ቅርፊት የሌለው፣ ጥፍር የሚያህል ቦታ ቀርቷል። ድንጋዩን ወንድሜ ራሱ አውጥቶ ከበር ውጭ አስቀመጠው፤ እናቴ አሁን በሩን የምታስደግፈው በሱ ነው።