ሐሺሽ በፊቅህና በመንግሥት ሕግ፦ ከመምሉኮች ካይሮ እስከ ጄኔቫ

ኡሩጓይ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ካናዳ ደግሞ በ2018 ካናቢስን በሕግ ከፈቀዱ ወዲህ «መንግሥታት የፈቀዱትን ዓሊሞች በምን ይከለክላሉ?» የሚል ጥያቄ ከወጣቶች መነሣቱ አይቀርም። ለጥያቄው የሚበጀው መልስ፣ ቀደምት ፉቀሃ ጉዳዩን እንዴት እንደ መረመሩትና ገዢዎች እንዴት እንደ ያዙት ለይቶ ማሳየት ነው ብለን እናምናለን።

ሐሺሽ በቁርኣንም ሆነ በሶሒሕ ሐዲስ በስሙ አልተጠቀሰም፤ የአራቱ መዝሀቦች ኢማሞችም ስለ እርሱ የሰጡት ብይን የለም። ኢብኑ ተይሚያ እንደ ገለጹት፣ በሙስሊሞች መካከል የተስፋፋው በ6ኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ስለዚህ ዓሊሞቹ የኸምርን ክልከላ ዒላ መሠረት አድርገው በቂያስ መመራመር ነበረባቸው።

በካይሮ የኖሩት ማሊኪው ሊቅ ሺሃቡዲን አል-ቀራፊ (ሞት 684 ሂ./1285) «አል-ፉሩቅ» በተሰኘው ድርሳናቸው ሙስኪርን ከሙፍሲድ ለዩ። ሙስኪር አእምሮን የሚጋርደው ከደስታና ከድፍረት ጋር ሲሆን፣ ሙፍሲድ ግን ያለ ደስታ አእምሮን ያዛባል። ሐሺሽ በላተኞች እንደ ጠጪዎች ለጠብ ሲነሡ አለመታየታቸውን አስተውለው፣ ሐሺሽን ከሙፍሲድ መደቡት። ከዚህ ሦስት ፍርዶች ተከተሉ፦ ቅጣቱ ሐድ ሳይሆን ተዕዚር ነው፤ ነገሩ ነጃሳ አይደለም፤ አእምሮን የማይነካው ጥቂቱም እንደ ኸምር ጠብታ አይታይም። ኢብኑ ተይሚያ (ሞት 728 ሂ./1328) በአንጻሩ ሙስኪር ነው ብለው በተጠቃሚው ላይ የኸምር ሐድ እንዲፈጸም ፈረዱ። ሻፊዒው አዝ-ዘርከሺም (ሞት 794 ሂ./1392) ስለ ክልከላው ራሱን የቻለ ድርሳን ጻፉ። ልዩነታቸው በምድቡና በቅጣቱ ላይ ነበር፤ አእምሮን እስኪያዛባ መውሰድ ሐራም መሆኑን ግን ሁሉም ተቀብለውታል። ሕሙም አካል ለመቁረጥ ሲባል ማደንዘዣ መስጠትን የፈቀዱ ፉቀሃም ነበሩ።

የቤተ መንግሥቱ ታሪክ ግን በዚህ መልክ አልጸናም። በግብፅ ከሐሺሽ ግብር ይሰበሰብ ነበር። ሱልጣን በይበርስ በ665 ሂ. ግብሩን ሽረው ሐሺሽን አገዱ፤ ገበያው ግን ተመልሶ ቆመ። በ780 ሂ. አካባቢ አሚር ሱዱን አሽ-ሸይኹኒ ተክሉን አስነቅለው የተጠቃሚዎችን ጥርስ እስከ ማስወለቅ ደረሱ። የታሪክ ጸሐፊው አል-መቅሪዚ እንደ መዘገቡት፣ ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ሐሺሽ እንደገና በአደባባይ ይበላ ነበር። ፉቀሃ በመጠን የለዩት ቅጣት በአሚሩ እጅ ከመጠን አለፈ፤ ያም ሆኖ ዘላቂ ውጤት አላስገኘም።

በኋለኛው ዘመን ግብፅን የያዘው የፈረንሳይ ጦር በጥቅምት 1800 እ.ኤ.አ. ሐሺሽን አገደ፤ በ1879 ደግሞ የግብፅ መንግሥት ወደ አገር እንዳይገባ ከለከለ። የጄኔቫው የኦፒየም ጉባኤ ሲካሄድ ሐሺሽ በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር እንዲገባ አጥብቀው የተከራከሩት የግብፁ ልዑክ ሙሐመድ ኤል-ጊንዲ ነበሩ፤ የ1925ቱ ስምምነትም ካናቢስን አካተተ። የ1961ዱ ስምምነት ቁጥጥሩን አጠበቀ። በታኅሣሥ 2020 የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ኮሚሽን፣ በ27 ድጋፍና በ25 ተቃውሞ፣ ካናቢስን እጅግ ጥብቅ ከሆነው አራተኛ ሠንጠረዥ አወጣው፤ በአንደኛው ሠንጠረዥ ግን እንዳለ ነው። በአገራችንም የወንጀል ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 414/1996) በአደንዛዥ ዕፆች መነገድንና መጠቀምን በወንጀልነት ይቀጣል።

እንግዲህ የመንግሥት ሕግ በግብር፣ በጸጥታና በድምፅ ብልጫ ሲለዋወጥ ኖሯል። የፉቀሃው ምርመራ ግን ነገሩ በአእምሮ ላይ የሚያደርሰውን በማየት ላይ ቆመ። ኢማሙ ለወጣቱ ሲመልስ «ሕጉ ይከለክላል» በማለት ብቻ ካበቃ፣ ሕጉ በተለወጠ ማግሥት ማስረጃ ያጣል። ዒላውን ካስረዳና የሕክምናን ጉዳይ ከመዝናኛ ከለየ ግን፣ ወጣቱ በየትኛውም አገር ቢኖር የሚመራበት ዕውቀት ይዞ ይሄዳል። ወሏሁ አዕለም።