ስለ ባሕር ማሽላና ስለ ጎርጎራ ኖራ

ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ የሚሄድ መንገደኛ ዱርቤቴ ሲደርስ በገበያው በርበሬና በቆሎ ተሰፍሮ ሲሸጥ ያያል። ለባላገሩ ሁለቱም ከጥንት ከአያቶቹ የወረሳቸው ይመስሉታል፤ ዳሩ ግን የበቀሉበት አገር አሜሪካ ነው። በቆሎ በአንዳንድ ስፍራ «የባሕር ማሽላ» መባሉ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይመሰክራል። ቲማቲም የሚለው ቃልም መነሻው የሜክሲኮ ናዋዎች «ቶማትል» የሚሉት ነው።

የናዋዎችን መዲና እስፓንያውያን በ1521 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በጦር ያዙ። ሕዝቡ በሰይፍና በፈንጣጣ ተመናመነ፤ የተረፈውም የአሸናፊውን ሃይማኖት፣ ፈረስና ፊደል ተቀበለ። አሸናፊውም በበኩሉ የተሸናፊውን ምግብ ከነስሙ ወሰደ፤ መነኵሴው ሳአጉንም ከናዋ ተማሪዎቹ ጋር ሆኖ የሕዝቡን ልማድ በ12 መጻሕፍት፣ በሁለት ቋንቋ አጻፈ። እንግዲህ ገዥና ተገዥ እኩል ባይሆኑም፣ ሁለቱም እንደ ነበሩ አልቀሩም።

እስፓንያና ፖርቱጋል ከ1580 እስከ 1640 በአንድ ዘውድ ሥር ነበሩ። በዚሁ ዘመን እስፓንያዊው ኢየሱሳዊ ጴድሮ ፓኤዝ በ1603 ወደ ኢትዮጵያ ገባ። እዚህ ግን ሥልጣኑ በአገሩ ንጉሥ እጅ ስለ ነበረ፣ ሃይማኖት ሊለውጥ የመጣው ሰው አስቀድሞ ራሱ ተማሪ ሊሆን ግድ ሆነበት። አማርኛና ግዕዝ ተማረ፤ በ1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሄዶ በሰከላ የዓባይን ምንጭ አየ፤ የኢትዮጵያንም ታሪክ ጽፎ በ1622 ጎርጎራ ላይ ሞተ።

ከእርሱ በኋላ በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ይህን ትዕግሥት አልያዘም። የተጠመቀው ሕዝብ ዳግመኛ ይጠመቅ፣ ካህናቱም እንደገና ይሾሙ አለ። አገሩ በዐመፅ ተናወጠ፤ ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። ሱስንዮስ በ1632 የቀድሞውን ሃይማኖት በአዋጅ መለሰ፤ ልጁ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጣ።

ይሁን እንጂ ሁሉም ነገር አብሮ አልወጣም። በዚያ ዘመን ከሕንድ በመጡ ግንበኞች እጅ የተስፋፋው በኖራ የመገንባት ጥበብ ከጎርጎራ ወደ ጎንደር ተሻገረ፤ ያሻገረውም ኢየሱሳውያኑን ያባረረው ፋሲለደስ ራሱ ነው። ኢየሱሳውያን ያመጡት የሮማ የቅድስት ማርያም ሥዕል መልክም በሠዓሊዎቻችን እጅ ተለውጦ የአገር ሆነ።

ስለዚህ የጎንደርን ግንብ የፈረንጅ ሥራ ነው ማለትም፣ ከውጭ ምንም አልነካውም ማለትም ሁለቱም ከእውነት ይርቃሉ። የጣና ሰዎች ከናዋዎች የሚለዩት እንግዳ ነገር ባለመቀበላቸው አይደለም፤ ሥልጣኑ በእጃቸው ስለ ቀረ፣ በብዙ ደም ቢሆንም፣ የሚይዙትንና የሚመልሱትን ራሳቸው ለመምረጥ በመቻላቸው ነው። በዱርቤቴ ገበያ በርበሬ የምትሸጠውን ሴት «ይህ የማን አገር ነው?» ብንላት «የእኛው ነው» ብትል አልተሳሳተችም።