የብላክጃክ ስሌት ታሪክ

ብላክጃክ ከብዙዎቹ የካሲኖ ጨዋታዎች የሚለየው ያለፈው ዙር በሚመጣው ላይ ለውጥ ስለሚያመጣ ነው። በሩሌት ኳሷ ቀደም ብላ ያረፈችበት ቁጥር ለቀጣዩ ዙር ምንም ትርጉም የለውም። በብላክጃክ ግን አንዴ የታደለ ካርታ ክምሩ እንደገና እስኪበወዝ አይመለስም። ሰርቫንቴስ እ.ኤ.አ. በ1613 ካሳተማቸው ልቦለዶች በአንዱ «ሃያ አንድ» የተባለ ጨዋታ ጠቅሷል፤ የጨዋታው ሒሳብ በወጉ የተሠራው ግን ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው።

ባልድዊን፣ ካንቲ፣ ማይዝልና ማክደርሞት የተባሉ አራት የአሜሪካ ጦር አባላት በሜሪላንድ፣ አበርዲን ሳሉ በጠረጴዛ ላይ የሒሳብ መኪና ብቻ ቁጥሮቹን ደምረው አባዝተው በ1956 ውጤቱን በአሜሪካ ስታቲስቲክስ ማኅበር መጽሔት አወጡ። የካሲኖው ትርፍ ምንጩ ተጫዋቹ ቀድሞ መወሰኑ ነው፤ ነጥቡ ከ21 ካለፈ ገንዘቡ ወዲያው ይወሰዳል፣ አዳዩ በኋላ ራሱ ቢያልፍም አይመለስለትም። አዳዩ በበኩሉ 17 እስኪሞላ ካርታ የመጨመር ግዴታ አለበት። ለምሳሌ የተገለጠው ካርታው 6 ሲሆን ከ100 ጊዜ 42 ያህሉን ከ21 ያልፋል፤ ስለዚህ 14 የያዘ ተጫዋች ባለበት መርጋት አለበት። የአዳዩ ካርታ 10 ከሆነ ግን ያው 14 መጨመርን ይጠይቃል። በዚህ ስልት የሚጫወት ሰው፣ በአራቱ ስሌት መሠረት፣ ከተወራረደው 100 ዶላር በአማካይ የሚያጣው 62 ሳንቲም ብቻ ነው። ይህ በእጅ የተሠራ ስሌት ከጨዋታው ታሪክ ሁሉ እጅግ የሚደነቅ ሥራ ነው።

ኤድዋርድ ቶርፕ ከዚያ ቀጠለ። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በነበረ አይቢኤም 704 ኮምፒውተር፣ የተወሰኑ ካርታዎች ከክምሩ ሲወጡ ዕድሉ እንዴት እንደሚለወጥ መረመረ። 12 እስከ 16 ይዞ ለመጨመር የሚገደደውን አዳይ 5 ቁጥር ሁልጊዜ ታድነዋለች። አራቱም 5ቶች ካለቁ ብልጫው ወደ ተጫዋቹ ዞሮ ከ3 በመቶ በላይ ይሆናል። ቶርፕ ግኝቱን በ1961 ለሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ አቀረበ፤ በ1962 ያሳተመው «ቢት ዘ ዲለር» የተባለ መጽሐፍ ደግሞ ካርታ መቁጠርን ለሕዝብ አደረሰ።

የላስ ቬጋስ ካሲኖዎች በ1964 ደንቡን አጠበቁ፤ ደንበኛ ሲሸሻቸው በሳምንታት ውስጥ መለሱት። ከዚያ ወዲህ የካርታውን ጥቅል ማብዛትና ቶሎ ቶሎ መበወዝ መከላከያቸው ሆነ።

ከሁሉ የከፋው ለውጥ በክፍያው ላይ የመጣው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ካርታዎች 21 የሞላ ተጫዋች ቀድሞ በ10 ዶላር 15 ያተርፍ ነበር፤ በብዙ ጠረጴዛዎች አሁን የሚያገኘው 12 ነው። እንዲህ ያለው እጅ በ21 ዙር አንዴ ያህል ስለሚመጣ፣ ለውጡ ብቻውን የካሲኖውን ብልጫ በ1.4 በመቶ ገደማ ያሳድገዋል። ይህም አራቱ ወታደሮች ካሰሉት ጠቅላላ ኪሳራ ከእጥፍ ይበልጣል።