የሰናፍጭ ጋዝ በኦጋዴን ግንባር

በ1928 ዓ.ም. የጣሊያኑ ጄኔራል የግራዚያኒ ጦር ከሶማሊያ ተነሥቶ ወደ ጅጅጋና ሐረር ሲገፋ፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች በደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል በሚመራው ጦር ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ጣሉ። መርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925 (እ.ኤ.አ.) የጄኔቫ ፕሮቶኮል ጣሊያን ፈርማ ነበር።

ጋዙ ሰውነትን እንዴት እንደሚጎዳ ለመረዳት በሁለት ቃላት እንጀምር፦ በኬሚስትሪ የኤሌክትሮን ጥንድ የሚለግሰው ኑክሊዮፋይል፣ የሚቀበለው ኤሌክትሮፋይል ይባላል። የጋዙ ሰልፈር ኑክሊዮፋይል ሆኖ በዚያው ሞለኪውል ውስጥ ካለ ካርቦን ጋር ይጣመራል፤ በካርቦኑ ላይ የነበረው ክሎሪን ክሎራይድ ሆኖ ይለቃል፤ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ባለሦስት አተም ቀለበት ይፈጠራል። ይህ ብርቱ ኤሌክትሮፋይል ከዲኤንኤ ቤዞች አንዱ በሆነው በጓኒን ውስጥ ካለው ናይትሮጅን ጋር ይያያዛል። የሞለኪውሉ ሁለት ጫፎች ሲያያዙ የዲኤንኤው ክሮች እርስ በርስ ይታሰራሉ፤ ሴሉም መከፋፈል ተስኖት ይሞታል። ቆዳ የሚያብጠውና ውሃ የሚቋጥረው ከሰዓታት በኋላ ነው።

ጅጅጋና ሐረር በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. መጨረሻ በጣሊያን ጦር ተያዙ። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የጋዙን ሰልፈር በናይትሮጅን የተካ ተመሳሳይ ውህድ፣ የሴል መከፋፈልን ስለሚያግድ፣ የካንሰር መድኃኒት ሆነ።