ሮላንድ ጃዝ ኮረስ

ሮላንድ ጃዝ ኮረስ የጃፓኑ ሮላንድ ኩባንያ የሚያመርተው የኤሌክትሪክ ጊታር አምፕሊፋየር ነው። የመጀመሪያው ሞዴል ጄሲ-120 እ.ኤ.አ. በ1975 ወጣ። ማጉያውና ስፒከሮቹ በአንድ ሳጥን ውስጥ ስለሆኑ ኮምቦ ከሚባሉት አምፕሊፋየሮች ይመደባል።

አሠራር

ጄሲ-120 እያንዳንዳቸው 60 ዋት የሆኑ ሁለት ማጉያዎችና ሁለት ባለ 12 ኢንች ስፒከሮች አሉት። ኮረሱ ሲከፈት አንዱ ስፒከር የጊታሩን ድምፅ እንዳለ ያሰማል። ሌላው በጥቂት ሚሊሰከንድ የዘገየና ቅጥነቱ በመጠኑ ከፍ ዝቅ የሚል ድምፅ ያሰማል። ሁለቱ የሚቀላቀሉት በሽቦ ሳይሆን በክፍሉ አየር ውስጥ ነው፤ አንድ ጊታር ሰፍቶ የሚሰማውም በዚህ ምክንያት ነው። ይኸው የኮረስ ዑደት በ1976 ቦስ ሲኢ-1 በተባለ ፔዳል ለብቻው ቀርቧል።

አነስተኛ ሞዴሎች

ጄሲ-22 30 ዋትና ሁለት ባለ 6.5 ኢንች ስፒከሮች፣ ጄሲ-40 ደግሞ 40 ዋትና ሁለት ባለ 10 ኢንች ስፒከሮች አሏቸው። ሁለቱም የስቴሪዮ መግቢያ ስላላቸው ባለ ሁለት መውጫ ፔዳል በቀጥታ ይሰካባቸዋል። የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያም አላቸው።

ለቤት ልምምድ ጄሲ-22 ይበቃል። ከበሮ ባለበት ትንሽ መድረክ ግን ድምፁ ሳይሰበር ከፍ እንዲል ጄሲ-40 ይመረጣል። የሁለቱ ስፒከሮች ርቀት አጭር ስለሆነ ከሩቅ ለተቀመጠ አድማጭ የስቴሪዮው ስፋት ይቀንሳል። ስፋቱ ለአዳራሹ እንዲደርስ የግራውና የቀኙ መውጫ በሁለት ገመድ ወደ ሚክሰር ይወሰዳል፤ የአዳራሹ ስፒከሮችም በስቴሪዮ መገናኘት አለባቸው።